የአደጋ ስጋት ጥናት ከቢሮ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ዳር ይውረድ

«የተፈጥሮ አደጋ» የሚለው አነጋገር በአገራችን ለብዙ ዘመን የብዙ ጥፋት መሸፈኛ ሆኖ ኖሯል። ዝናብ መዝነቡ፣ ሐይቅ መሙላቱ፣ ወንዝ ከአፋፉ አልፎ መፍሰሱ በርግጥ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በዚያው በአንድ ዝናብ የአንደኛው ገበሬ ጎተራ ሲተርፍ የሁለተኛው እህል ከነጎታው መበስበሱ፣ የአንደኛው ልጅ መድኃኒት በጊዜ ሲደርሰው የሁለተኛው በወባ መሞቱ ከሰማይ የወረደ ፍርድ አይደለም። ይህን የሚወስነው ሰዎች በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሰፈሩ፣ በእጃቸው ምን ጥሪት እንዳለ፣ እንዴት እንደተደራጁና አስቀድሞ ማን ምን እንደነገራቸው ነው። ድርቅ የተፈጥሮ ነው፤ ረሃብ ግን ማኅበራዊ ነው። በመሆኑም አንድ ወረዳ ሊደርስበት የሚችለውን አደጋ አስቀድሞ መርምሮ መገመት ለጥቂት ባለሙያዎችና ለቢሮ መዝገብ ብቻ ሊተው የማይገባው መሠረታዊ የሕዝብ ጉዳይ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ጉዳዩን በደፈናው ከምናትት በአንድ ተጨባጭ ቦታ ላይ አስቀምጠን መመልከቱን መርጠናል። ቦታው ደልጊ ነው። ደልጊ በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራባዊ ዳር የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማና የጀልባ ወደብ ናት። ወረዳው በደቡብ ከአለፋ፣ በምዕራብ ከቋራ፣ በሰሜን ከጭልጋ፣ በሰሜን ምሥራቅ ከደምቢያ ይዋሰናል፤ የቀረው ጎኑ ውኃ ነው። የባሕር ዳር ነዋሪ የደልጊን ስም የሚያውቀው ምናልባት ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌና በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ ለረጅም ዓመታት ስትመላለስ ከኖረችው ጀልባ ማረፊያዎች አንዷ በመሆኗ ነው። የሐይቁ ዳር ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ ያብጣል፣ ውኃ አላሳልፍ ይላል፣ የሰውን እግርም የመኪናን ጎማም ይዞ ያስቀራል። ገበሬው በዚህ መሬት ላይ ያመርታል፤ ከብቱን ያሰማራል፤ ከሐይቁም ዓሣ ያወጣል። ለምነቱም አደጋውም የሚመጡለት ከአንድ ምንጭ ነው።

የዚህን አገር የአደጋ ስጋት ለመገመት የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሆኖ ሳለ ከፍተኛ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊ ገበታ እንጂ ጥልቅ ማሰሮ አይደለም ለማለት ነው። ስለዚህ የውኃው ልክ በ1 ሜትር ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ጠፍጣፋ በሆነው ዳርቻ ላይ ውኃው የሚገፋው ወይም የሚሸሸው ርቀት ብዙ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ የሚበዛውን ያመጣሉ፤ በተፈጥሮ መንገዱ የሚወጣው ግን በአንድ በር፣ በዓባይ ብቻ ነው። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው ግን ከዚያ ዘግይቶ በመስከረም አካባቢ ነው።

ይህች የጥቂት ሳምንታት ልዩነት ቀላል ነገር አይደለችም። በጣና ዳር ጎርፍ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን ታስተምረናለች። የመጀመሪያው በሐምሌና በነሐሴ ከተራቆተው ከፍተኛ ቦታ በወንዙ የሚወርደው ነው፤ ፈጣን ነው፣ ድምፅ አለው፣ አፈር ይዞ ይመጣል፣ ብዙ ሳይቆይም ያልፋል። ሁለተኛው ሐይቁ ራሱ ወደ ሜዳው ሲወጣ የሚሆነው ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባ ፈክቶ፣ ሰው ክረምቱ አለፈልን ብሎ በሚያርፍበት ሰዓት ቀስ እያለ ይመጣል፤ ድምፅ የለውም፤ የወንዞቹን መፍሰሻ አፍኖ ለሳምንታት ይተኛል። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው የሰዓታት ማስጠንቀቂያና ከፍ ያለ መሸሻ ነው። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ከፍ ብሎ የተሠራ ጎተራ፣ የከብት መኖ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውኃና የወባ መድኃኒት ነው። አንድ ጥናት አቅራቢ በቅጹ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ «ጎርፍ» ብሎ ጽፎ ቢያልፍ እነዚህን ሁለት ነገሮች አደባልቆ ሁለቱንም ሳያውቃቸው ቀረ ማለት ነው።

የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ከደጋው የዘነበውን ይዞ ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ በነሐሴ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በዚያው ክረምት በጣና ዙሪያ እንደ ርብና ጉማራ ያሉ ወንዞች ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም፣ እንዲሁም በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀሉ። ድሬዳዋና ኦሞ በሟቾቻቸው ብዛት የአገርንም የዓለምንም ጆሮ ሳቡ፤ ተገቢም ነበር። የጣና ዳሩ ጎርፍ ግን የገደለው ከእነዚያ ያነሰ በመሆኑ መነጋገሪያነቱ ቶሎ አበቃ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ የሞተ ሰው ይቆጠራል፣ ይለቀስለታል፤ የበሰበሰ ዘር፣ በርካሽ የተሸጠ በሬ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት የገባች ልጃገረድ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍሩም። ገበሬው በሬውን የሸጠበት ዓመት ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት አደጋ ሁሉ በር የሚከፍት ነው። የአደጋ ግምት በሬሳ ብዛት ብቻ ሲሠራ ድሃውን አራሽ ሳያይ ያልፋል።

ደልጊን የሚጎዳት ግን የውኃ መብዛት ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጨማሪ መዝጊያዎች ተሠርተውለታል። ዓላማውም በበጋ ወደ ጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚወርደውን ውኃ ማስተካከል ነበር። ድርቁና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ሲደማመሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ዝቅ አለ፤ ጀልባዎችም ለወራት መንቀሳቀስ አልቻሉም። በጎርፍ ጊዜ የዋልካው መንገድ ሲዘጋ የደልጊ ሰው የሚተማመነው በሐይቁ ነው፤ ሐይቁ ሲሸሽ ደግሞ ያ መንገድ ራሱ ይደርቃል። ገበሬው በዚያን ጊዜ ያደረገው ምንድን ነው? ውኃው ለቆት የወጣውን መሬት፣ ባሕር ሸሽ የሚሉትን፣ ተከትሎ አረሰ። ማን ይፈርድበታል? መሬት የጠበበበት ሰው ውኃ የለቀቀለትን መሬት ዝም ብሎ አያይም። ይሁን እንጂ ሐይቁ ወደ ቦታው የተመለሰ ዕለት የዘራው ሰብል ከውኃ በታች ነው።

እዚህ ላይ የባሕር ዳር ሠራተኛ ከደልጊ ገበሬ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በፋብሪካው ውስጥ መኪና የሚያስነሣው ኃይል፣ በቀበሌው ቤት አምፑል የሚያበራው መብራት፣ በከፊልም ቢሆን ከዚሁ ሐይቅ የሚወጣ ነው። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ውኃውን የሚወስደው ከጣና ነው። የውኃው በር መቼና ምን ያህል ይከፈት የሚለው ውሳኔ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ኃይል ለምርት ያስፈልጋል፤ ምርትም ለአገር ያስፈልጋል። እኛ የምንጠይቀው የሐይቁን ልክ የሚወስኑ ሰዎች በውሳኔያቸው ቀን የደልጊ፣ የጎርጎራና የቁንዝላ ዳርቻ ምን እንደሚሆን በቁጥር በፊታቸው እንዲኖር፣ ውሳኔውም ለዳርቻው ሰው በወቅቱ እንዲነገር ነው። ባሕር ዳር የምታውቀውን ደልጊ ሳታውቅ የምትቀርበት ምክንያት የለም። ለእዚህ የሚያስፈልገው የስልክ ጥሪ እንጂ አዲስ ግድብ አይደለም።

ስለ እንቦጭም አንድ ቃል። ይህ መጤ አረም በጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ የዓሣ አጥማጁን መረብና የታንኳውን መንገድ ዘግቷል፤ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። እንቦጭን ብዙ ሰው የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ እንጂ የአደጋ ስጋት አድርጎ አይመለከተውም። ሆኖም በጎርፍ ቀን ታንኳ እንዳይወጣ የሚያደርግ ነገር ሁሉ የአደጋ ስጋት ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንለፍ፤ በጣና ሰሜናዊ ሜዳ ከጎርፍ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰዎችን ጨርሷል። በማግሥቱ ዓመት በጎንደር የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ እንዲቋቋም ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ልብ ይበል። ወባ ዝናብን፣ ሙቀትንና የረጋ ውኃን ተከትሎ የሚመጣ በመሆኑ መምጫው የሚታወቅ ጠላት ነው፤ ሐይቁ በመስከረም ሜዳው ላይ ተኝቶ ሲመለስ ከኋላው ኩሬዎችን ትቶ ይሄዳል። የጎርፉ ጥናት በአንድ ቢሮ፣ የወባው ጥናት በሌላ ቢሮ ሲሠራ፣ ሁለቱም የሚቀርቡት በተለያየ ወር በተለያየ ስብሰባ ሲሆን፣ ገበሬው ግን ሁለቱንም የሚቀበለው በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነው።

ከዚህ የባሰ ትምህርት የሚሰጠን የሊቦ ከምከም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰዎች ትኩሳት እየያዛቸው፣ ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ጀመር። በመጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱ ግን አልሠራም። በኋላ በምርመራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታ ተደርጎ ይታወቅ ስለነበር በደጋማው ሊቦ ከምከም ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ የደጋው ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደዚያ ቆላ ይወርዳል፤ ደመወዙን ይዞ ሲመለስ በሽታውንም ይዞ ሊመለስ ይችላል። ካርታው ላይ በሽታው አልነበረም፤ የሠራተኛው እግር ግን ካርታውን ቀድሞት ሄዷል። ቋራና መተማ ለጣቁሳ ሰው ሩቅ አገር አይደሉም። ስለዚህ በደልጊ የሚሠራ የአደጋ ጥናት መሬቱንና ውኃውን ብቻ ለክቶ ቢመለስ፣ ወጣቱ በበጋ የት ሄዶ እንደሚሠራና ምን ይዞ እንደሚመለስ ባይጠይቅ፣ ግማሽ ጥናት ነው።

ጓያንም አንርሳ። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ጓያ በብዛት ይዘራል፤ ዝናብ ቢያጥርም፣ መሬቱ ቢረግብም ይበቅላልና። በድርቅ ዓመት ሌላው ሰብል ሲከዳ የድሃው ማዕድ ጓያ ብቻ ይሆናል። ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው ደግሞ እግሩን ይያዛል፤ ሕዝቡ «ጓያ ሰበረው» የሚለው ይህን ነው። የተሰበረው አይድንም። የሚያሳዝነው ይህን በሽታ በብዛት የሚያገኘው ጉልበቱ ያልደከመውን ወጣት ወንድ መሆኑ ነው። ድርቁ ካለፈ፣ ዝናቡ ከተመለሰ፣ እርዳታ አቅራቢው መዝገቡን ዘግቶ ከሄደ በኋላ እርሱ በምርኩዝ ይቀራል። ይህ ስጋት አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ጓያን ከሌላ እህል ጋር በማደባለቅና የእህል አቅርቦትን በጊዜ በማድረስ የሚቀነስ ነው። ታዲያ በየትኛው የወረዳ የአደጋ ጥናት ላይ ጓያ በስሙ ተጠርቶ ያውቃል?

በተማርንበት የውጭ አገር ትምህርት ቤት መምህራኑ ካርታ ላይ ቀለም መቀባት አሳይተውናል። ቀዩ ከፍተኛ ስጋት፣ ቢጫው መካከለኛ፣ አረንጓዴው ዝቅተኛ። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ሊመጣ የሚችለው ክስተት፣ በመንገዱ ላይ ያሉት ሰዎችና ንብረት፣ የእነርሱ ተጋላጭነት፣ በመጨረሻም ይህን ሁሉ የሚቀንሰው የራሳቸው አቅም። ትምህርቱ ጥሩ ነበር። ችግሩ የመጣው ካርታው ቆንጆ ሲሆን ሰው ማመኑ ላይ ነው። በአገራችንም ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ባሉት ዓመታት የወረዳዎችን የአደጋ ስጋት መገለጫ የማዘጋጀት ሥራ ተጀምሮ በብዙ ወረዳዎች ቤት ለቤት መጠይቅ ተሞልቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት አመራር ፖሊሲም አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ ስጋትን አስቀድሞ መቀነስን መመሪያው አድርጓል። የወረቀቱ ሥራ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጥናት አቅራቢው ወደ ሐይቁ ዳር የሚሄደው መኪና በሚያስኬደው ወር፣ በጥር ወይም በየካቲት ነው። በጥር የደልጊ ሜዳ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ከብት የሚግጥበት ነው። በዚያን ጊዜ «ጎርፍ ያሰጋችኋል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ የሚመልሰው ጠያቂው ምን ይዞ እንደመጣ በመገመት ነው፤ እርዳታ የሚሰጥ መስሎት አብዝቶ፣ ከመሬቱ የሚያስነሣው መስሎት አሳንሶ ይናገራል። ውሸታም ስለሆነ አይደለም። መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃልና።

ይህ የመሬት ጥያቄ የነገሩ እምብርት ስለሆነ ጥቂት እናቆየው። በሐይቁ ዳር ስለሚኖሩ ሰዎች በስብሰባ ላይ ሲነገር በተደጋጋሚ የሚሰማው «ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው» የሚል ነው። እኛ ይህን አንቀበልም። በውኃ ዳር የተወለደ ሰው ውኃ የት ድረስ እንደሚመጣ ያውቃል። እዚያ የሚቀመጠው ባለማወቅ ሳይሆን ሌላ መሬት ስለሌለው፣ ወይም ያ መሬት በደግ ዓመት ከሌላው አብልጦ ስለሚያበላው ነው። በደግ ዓመት የሚያገኘውን ጥቅም በክፉ ዓመት ከሚደርስበት ጉዳት ጋር አመዛዝኖ ወስኗል። ስለዚህ ከፍ ወዳለ ቦታ ተነሥተህ ሥፈር የሚለው ትእዛዝ ብቻውን መልስ አይሆንም። ቤቱና ጎተራው ከፍ ባለው ቦታ ሆኖ እርሻው በሜዳው የሚቀርበትን መንገድ መፈለግ፣ ውኃው ሳይወጣ የሚደርስ ዘር ማቅረብ፣ ውኃው ከሸሸ በኋላ በእርጥበቱ የሚዘራ ሽምብራ እንዲኖር ማድረግ ይበጃል። ሕዝቡ ከዚህ አብዛኛውን በራሱ ሲሠራው ኖሯል። ጥናቱ ያን አቅም ሳይመዘግብ ድክመቱን ብቻ ዘርዝሮ ከወጣ ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ መናገሩ የማይመች። ማወቅ ብቻውን ሕዝብ አያድንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም፤ ስሙ እንዳይጎድፍ ሸሸገው እንጂ። ከዚያ እልቂት በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የዝናቡን፣ የሰብሉንና የገበያውን ሁኔታ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራም ተጀመረ። በ1976 ዓ.ም. ይኸው ኮሚሽን ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ነገር ግን መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል በድምቀት የማክበሩ ጉዳይ ቅድሚያ ተሰጥቶት ማስጠንቀቂያው የሚገባውን ትኩረት ሳያገኝ ቀረ። ሂስ ማድረግ የሚወድ ጋዜጠኛ ግለ ሂስም ሊያደርግ ይገባዋልና፣ በዚያን ጊዜ የዜና ገጾችም የበዓሉን ዝግጅት እንጂ የገበሬውን ባዶ ጎታ አላሳዩም። ጥሩ ግምት በጥሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ሊተኛ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ስለዚህ የወረዳው የአደጋ ጥናት ለበላይ አካል ብቻ የሚላክ ሪፖርት ሳይሆን በየቀበሌው ተነብቦ፣ ሕዝቡ አርሞት፣ ቅጂው በእጁ የሚቀር ሊሆን ይገባዋል። በብዙ እጅ የገባ ወረቀት ለመደበቅ ያስቸግራል።

ከሌላ አገር የምንወስደው ልምድ አለ። ኩባን እ.ኤ.አ. በ1963 ፍሎራ የተባለችው አውሎ ነፋስ መትታ ከ1,000 በላይ ሰው ገደለች። ከዚያ በኋላ አገሪቱ የሲቪል መከላከያዋን በየመንደሩ አደራጀች፤ በየጎዳናው ያለው የነዋሪዎች ኮሚቴ በሠፈሩ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ማን እንደሆነች፣ ማን እንደሚያነሣት፣ በየትኛው ቤት እንደምትጠለል በስም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ብርቱ አውሎ ነፋሶች መጥተዋል፤ የሚገድሉት ሰው ብዛት ግን ከዚያ ዘመን ጋር አይወዳደርም። ባንግላዴሽ ደግሞ ከእኛ ያልተሻለ ድህነት ያያት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው ፈጀባት። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥና ድምፅ ማጉያና ባንዲራ እያስያዘች በየመንደሩ አሰማራች፤ መጠለያም ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ የሞቱት 3,400 ያህል ነበሩ። አሁንም ብዙ ነው፤ ከ300,000 ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱን ያመጣው የማዕበሉ ምሕረት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ለሰው የሚደርስበት ልማድ ከማንም ያነሰ አይደለም፤ እድሩም ደቦውም አለ። ልማዱ ያለ ዕውቀት ሲቀር ግን ራሱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ቤቶችን ደፈነ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጩኸት ሰምቶ አካፋውንም እጁንም ይዞ ሊያወጣቸው ደረሰ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው በእነዚህ ላይ ነው። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ነበሩ። ከአንደኛው ናዳ በኋላ መሬቱ ገና እንዳልረጋ የሚያውቅ፣ ከላይ ቆሞ ተዳፋቱን የሚጠብቅና የሚጮህ አንድ ሰው መመደብ በየትኛውም የአደጋ ዕቅድ ውስጥ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነገር ነው። በደልጊም ቢሆን በሌሊት በማዕበል ታንኳ ገፍቶ የሚወጣው ማን ነው፣ ከስንት ሰው በላይ እንዳይጭን የሚከለክለውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ውኃው ከመጣ በኋላ ሊሆን አይገባውም።

እንግዲህ በደልጊ መሠራት ያለበት ጥናት ምን ዓይነት ነው? በእኛ እምነት የሚጀምረው ከምልክት ነው። ሽማግሌዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ውኃ ቀጂ ሴቶች፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን በአንድነት ወጥተው ውኃው በ1998 የት ድረስ እንደመጣ፣ በሌሎቹ ክፉ ዓመታትም የት እንደደረሰ በዛፉ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳና በወደቡ ላይ በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። ከዚያ መስመር በታች ያሉ ቤቶች፣ ጎተራዎች፣ የውኃ ጉድጓዶችና መጸዳጃዎች ይቆጠሩ። የውኃ ጉድጓዱና መጸዳጃው በአንድነት ከተጥለቀለቁ የሚከተለው ተቅማጥ ነውና ይህ በተለይ ይታይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሮችንና አቅመ ደካሞችን በስም ታውቃለች፤ ስማቸው በእርሷ መዝገብ ብቻ ሳይሆን በቀበሌውም ይኑር። የስንት ሰው ታንኳና ጀልባ እንዳለ፣ ስልክ የማይሠራበት ጎጥ የትኛው እንደሆነ፣ ዋልካው መንገድ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘጋ ይጻፍ። ከባሕር ዳር የሚመጣው የሐይቁ ልክና የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ትንበያ ለማን እንደሚነገር፣ እርሱስ ለማን እንደሚያደርስ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ይታወቅ። ትንበያ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ብሎ ሲያበቃ ገበሬው ምን ያድርግ? «ዘርህን ከመስመሩ በላይ አውጣ» ካልተባለ ትንበያው ለከተማ ሰው ጃንጥላ መግዣ ብቻ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ሠራተኞች ጉዳዩ የሩቅ ገበሬ ነው ብለው እንዳያልፉት ድሬዳዋን ደግመን እንጠራለን። በድሬዳዋ ውኃው ያገኘው በበጋ ደርቆ የሚቆይ የወንዝ መሄጃ ዳር የሠፈሩ የከተማ ሰዎችን ነበር፤ ሌሊት ነበር፤ ዝናቡም የዘነበው በእነርሱ ላይ ሳይሆን ርቆ ባለው ደጋ ላይ ነበር። ባሕር ዳርም ብትሆን ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርድባታል። በየቀበሌው ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ በላስቲክና በአፈር ተደፍኖ እንደሆነ ለማየት ከውጭ አገር የሚመጣ አማካሪ አያስፈልግም፤ እሑድ ጠዋት በእግር ዞሮ ማየት ይበቃል። በቀበሌው ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ ቢሆን ቅር አይለንም።

የደልጊው ጥናት ሁለት ጊዜ መሄድን ይጠይቃል። የመጀመሪያው በግንቦት መጨረሻ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ ሐይቁ ዝቅ ባለበትና ገበሬው ባሕር ሸሹን አርሶ በሚገኝበት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ የተጋለጠው ንብረት ሁሉ በዓይን ይታያል። ሁለተኛው በመስከረም፣ በጀልባ፣ ሐይቁ ሞልቶ በሜዳው ላይ ሲተኛ ነው። ይህኛው ጉዞ ጫማ ያበላሻል፤ አበልም አያሳድግም። ጥናት አቅራቢው መለኪያ ዘንጉን ይዞ ውኃው ውስጥ ይግባ፤ ገበሬውም አብሮት ይግባ፤ በግንቦት የተሰመረው ምልክት ትክክል መሆን አለመሆኑን ሁለቱም በአንድነት ያንብቡ።